ከስምንት ሦስት፣ የቱ ሦስት?

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ጠዋት፣ ጣሪያ ላይ ያሰርኩት ካሜራ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በደመና ተሸፍኗል ብሎ መዘገበ። ከስምንት ስምንት። ቀና ብዬ ሳይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና እንኳን የለችም። የጎንደርን የኅዳር ሰማይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱ አጥቦት ሄዷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ከጎሃ ተራራ ላይ ሆነህ ወደ አዘዞ ብታይ ዓይንህን የሚይዘው ነገር የለም። እናቴ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥታ ዶሮዎቹን ከስጡ ላይ እያባረረች ነው። እኔ መሰላሉ ሥር ስልኬን ይዤ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ቁጥሩን አያለሁ።

«ምን ይልሃል ያ ዕቃህ?» አለችኝ።

«ዳምኗል ይላል።»

«እንግዲያ ጃንጥላህን ያዝ» ብላ ወደ ዶሮዎቿ ዞረች።

ነገሩ የተጀመረው ካቻምና፣ በዚሁ በርበሬ ምክንያት ነው። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ጠባይ መተግበሪያ ሳምንቱን ሙሉ «ከፊል ደመናማ» ሲል ከረመ። አንድ ቀን ከሰዓት ሰው ሳያስብ ዝናቡ ዱብ አለና ስጡ በጎርፍ ሄደ፣ የተረፈውም ሻገተ። ኋላ ሳነብ ገባኝ። መተግበሪያው «ከፊል ደመናማ» ሲል ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም። ኮምፒውተር ምድርን በብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ያሰላው ሒሳብ ነው። ጎንደር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አዘዞ ፀሐይ እየሞቁ ቁስቋም ላይ ዶፍ ይወርዳል። እና ከእኛ ግቢ በላይ ያለውን ሰማይ ራሴ ብለካውስ አልኩ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሚቲዎሮሎጂ አልተማርኩም። ያለኝ ትርፍ ዕቃና ትርፍ ድርቅና ነው።

ከመሣሪያ በፊት ግን ደብተር ነበር። የደመና ሽፋን በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው የሚገመተው በስምንተኛ ነው፣ ኦክታ ይሉታል። ሰማዩን እንደ አንድ ትሪ እንጀራ አስበው፣ ስምንት ሰው ከቦት ተቀምጧል። እዚህም እዚያም የተበታተነውን ደመና በሐሳብህ ሰብስበህ ወደ አንድ ወገን ትገፋዋለህ። ከዚያ የስንት ሰው ፋንታ እንደሸፈነ ትቆጥራለህ። ቀላል ይመስላል። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። 0 የሚጻፈው ቅንጣት ደመና ሳይኖር ብቻ ነው፣ አንዲት ትንሽ ብጣሽ ካለች 1 ነው። 8 የሚጻፈውም ምንም ቀዳዳ ሳይኖር ነው፣ በአንዲት ቀዳዳ ሰማይ ብቅ ካለ 7 ይሆናል። ጉም ወርዶ ሰማዩ ራሱ አልታይ ካለ ደግሞ 9 ይጻፋል። ከስምንት ዘጠኝ! ይህን ሕግ በጣም ነው የምወደው።

በቀን ሦስት ጊዜ እጽፍ ነበር፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት። የሚገርመው እነዚህ ሰዓቶች የዓለም የአየር ጠባይ ታዛቢዎች ከሚመዘግቡባቸው ሰዓቶች ጋር ይገጥማሉ፣ እነሱ ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት በግሪንዊች ሰዓት 6፣ 9 እና 12 ይሏቸዋል። እኔም በዚሁ ነገር ተበላሁ። ካሜራው የሚመዘግበው በግሪንዊች ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የደብተሬን 6 ሰዓት ከካሜራው 6 ሰዓት ጋር ሳስተያይና አልገጥም ሲለኝ በሌንሱ ሳማርር ከረምኩ። እሱ ለካ 6 የሚለው የእኔን 3 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ በሰዓት መሳሳት ያሳፍራል፣ ግን ይኸው ነገርኳችሁ።

ወደ ኅዳሩ ጠዋት ልመለስ። ካሜራዬ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ተራ ካሜራ ነው፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ክብ ሥዕል የሚያስገባ የዓሣ ዓይን ሌንስ አለው፣ ከላይ ጉልላት የሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ ደፍቼበታለሁ። ትላልቆቹ የምርምር ጣቢያዎች ያላቸው የሰማይ ካሜራም በሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁሉም የሚያርፉት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ሰማይ ሰማያዊ፣ ደመና ነጭ ነው። አየሩ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሱ ስለሆኑ አጭሩን ሞገድ አብልጠው ይበትናሉ፣ ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ አራት እጥፍ ገደማ ይበተናል። የደመና ጠብታ ግን ከሞገዱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቀለም ሳይመርጥ ሁሉንም እኩል ይበትናል፣ ስለዚህ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል። ፕሮግራሙ እያንዳንዷን የሥዕል ነጥብ ይወስድና ቀዩን ለሰማያዊው ያካፍላል። ውጤቱ ወደ 1 ከቀረበ ደመና፣ ዝቅ ካለ ሰማይ። በቃ ይኸው ነው።

ታዲያ በዚያ ብራ ጠዋት ምን ነካው? ካሜራው ራሱ «አስተካክሎት» ነበር። ካሜራ የተሠራው ፎቶ እንዲያምር ነው። ሥዕሉ በሙሉ ሰማያዊ ሲሆንበት መብራቱ የተበላሸ ይመስለውና ሰማያዊውን ቀንሶ ሁሉን ነገር ግራጫ ያደርገዋል፣ ኦቶ ዋይት ባላንስ የሚባለው ነገር ነው። ሰማዩ በጠራ ቁጥር ይብሳል ማለት ነው። ደመና በበዛበት ቀን ትክክል ይሠራል፣ ፍጹም ብራ በሆነ ቀን ይስታል። የቀለሙን ሚዛን በእጄ ቁጥር ሰጥቼ ቆለፍኩት፣ ችግሩም ጠፋ። ስልካችን የሚያነሳውን ሰማይ ከዚያ በኋላ አላምንም። አንዳንዱማ ሰማዩን ራሱ እየቀባ ነው የሚሰጠን።

ከዚያ ነው ዋናው ጣጣ የመጣው። ወሰኑን የት ላድርገው? ቀይ ለሰማያዊ ሲካፈል ከስንት በላይ የሆነው ደመና ይባል? ጥር ውስጥ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሲረስ የሚባለው፣ ያ ከፍ ብሎ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ የሚዘረጋው የበረዶ ደመና ነበር። በነገራችን ላይ እነዚህን የላቲን ስሞች፣ ሲረስ፣ ኩሙለስ፣ ስትራተስ የሚሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1802 ያወጣቸው ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ እሱም የሰማይ ነገር ሥራው አልነበረም፣ እናም ይመቸኛል። ያንን አንድ ሥዕል ይዤ ተቀመጥኩ። ወሰኑን 0.7 ሳደርገው አምስት ስምንተኛ አለኝ። 0.8 ሳደርገው ሦስት። ሥዕሉ ያው ነው፣ ሰማዩ ያው ነው፣ የነካሁት አንድ ቁጥር ነው። በዚያች ሰዓት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 4 ነበር። ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን ብጠይቀው ደግሞ «የምን ደመና? ብራ ነው እንጂ» አለኝ። አልዋሸም። ጥላው መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ልብሱም ይደርቃል። ለእሱ ደመና ማለት ፀሐይ የሚከለክል ነገር ነው።

ለካ እሱ የሚያስበውን የሚለካ መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ አለ። ጠንካራ የመስታወት ኳስ ነው፣ ፀሐዩን እንደ ማጉያ ሰብስቦ ከኋላው ያለ ካርቶን ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትሸፈን ቃጠሎው ይቋረጣል። ካምቤል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1853 ጀመረው፣ ስቶክስ በ1879 አሻሻለው፣ በሁለቱ ስም ይጠራል። ማታ ላይ የተቃጠለውን መስመር ርዝመት ለክተህ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደወጣች ታውቃለህ። አሁን ደንቡ በቁጥር ተቀምጧል፣ ቀጥታ የሚመጣው የፀሐይ ጨረር በካሬ ሜትር ከ120 ዋት ሲበልጥ «ፀሐይ ነበረ» ይባላል። የጎረቤቴ ብራ ይህ ነው። የሰማዩ ግማሽ በደመና ቢሞላ እንኳን በፀሐይዋ መንገድ ላይ እስካልቆመ ድረስ ኳሷ አታውቀውም።

እኔ 0.75 ላይ አቆምኩት። ለምን ቢሉኝ ለዓይኔ ስለቀረበ ነው። መጋቢት ሲገባ ደግሞ ያ 0.75 ራሱ አልሠራ አለ። አቧራውና የማሳ ቃጠሎው ጭስ ሰማዩን እንደ አጓት ያደርገዋል፣ ነጭ ነው ግን ደመና አይደለም፣ ፕሮግራሜ ግን ስምንት ስምንት እያለ ይቆጥራል። ስለዚህ በበጋ መጨረሻ ሌላ ወሰን፣ በጥቅምት ሌላ ወሰን ሰጠሁት። ይኼ ማጭበርበር ነው ወይስ ማስተካከል? እስከ አሁን አልወሰንኩም።

የሥዕሉ ጠርዝም የራሱ ተንኮል አለው። በዓሣ ዓይን ሥዕል ላይ ነጥቦቹን ዝም ብለህ ብትቆጥር ትስታለህ። ዳር ላይ ያለች ነጥብ የምትሸፍነው የሰማይ ስፋት መካከል ያለችው ከምትሸፍነው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዷ ክብደት መስጠት አለብህ። ሰሜኑንና ምሥራቁን ደግሞ ተራራው በልቶታል። በዚያ ላይ ወደ አድማስ ስትወርድ ኩሙለስ የሚባሉትን፣ እንደ ጥጥ ክምር ያሉትን ደመናዎች የምታየው ከሥራቸው ሳይሆን ከጎናቸው ነው። በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት እያለ፣ ልክ ከሩቅ ስታየው ዛፍ ለዛፍ የተጠጋጋ እንደሚመስል ጫካ፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ካሜራ ብቻ ሳይሆን የሰለጠነ ታዛቢም በዚህ ምክንያት ከእውነቱ አብልጦ ይገምታል። እኔ የታችኛውን አሥራ አምስት ዲግሪ ቆርጬ ጣልኩትና ተገላገልኩ።

በዚህ ሁሉ መሐል ነው እናቴ ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ። አንድ ጠዋት ስጡን ልታወጣ ስትል በኩራት «ሦስት ከስምንት ብቻ ነው፣ አውጪው» አልኳት።

«የቱ ሦስት?»

«እንዴት የቱ?»

«በጎሃ በኩል ያለው ሦስት ነው፣ በአንገረብ በኩል ያለው? ፀሐዩን የሚከተለው ነው፣ ቀድሞት የሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። ስምንቱን ፋንታ ስቆጥር ደመናውን በሐሳቤ ገፍቼ አንድ ወገን ሰብስቤዋለሁ፣ በዚያው የት እንደነበረ ጥዬዋለሁ። በማግሥቱ ፕሮግራሙ ላይ ሁለተኛ ቁጥር ጨመርኩ። ፀሐይ በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት የምትሄድበት መንገድ አስቀድሞ በሒሳብ ይታወቃል፣ እሱን መስመር ሥዕሉ ላይ አስምሬ በዙሪያው ያለውን ደመና ብቻ ለብቻው አስቆጠርኩ። ለበርበሬ የሚሆነው ይኼኛው ነው። ይህን ስል እናቴ አትሳሳትም ማለቴ አይደለም። ካቻምናም ስጡን ያወጣችው እሷ ራሷ ሰማዩን አይታ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ መሣሪያ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ሆኗል፦ ይኼ ደግሞ የቱን ነው የሚያየው?

ሌሊት ካሜራው ዕውር ነው፣ በተለይ ጨረቃ ከሌለች። ለሌሊቱ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የኢንፍራሬድ ሴንሰር ገዛሁ፣ ከርቀት ሙቀት የምትለካ። ኮከብ የሚመለከቱ ሰዎች ቴሌስኮፓቸውን ከዝናብ ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት እንዲህ ያለውን ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ደመና የሌለው ሰማይ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ላይ ስታይ ከአየሩ የሚመለስልህ ሙቀት ትንሽ ነውና። ደመና ሲመጣ ግን የውሃ ጠብታዎቹ እንደ ጋቢ ሙቀት ይመልሱልሃል። በታኅሣሥ ሌሊት ጣሪያው ላይ 9 ዲግሪ ሆኖ ሰማዩን ከዜሮ በታች 22 ታነበዋለች። ዝቅ ያለ ደመና ሲያልፍ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣና የአየሩን ሙቀት ሊደርስበት ጥቂት ይቀረዋል።

መጀመሪያ ግን ምንም አልሠራ አለችኝ። ብራም ሆነ ዳመነ ያው አንድ ቁጥር። ዝናብ እንዳይነካት ብዬ በመስኮት መስታወት ቁራጭ ሸፍኛታለሁ፣ መስታወት ደግሞ ለዓይን ግልጽ ይሁን እንጂ ለዚያ የሙቀት ጨረር ግድግዳ ነው። ሰማዩን ሳይሆን የመስታወቱን ሙቀት ነበር የምታነብልኝ። መፍትሔው ምን ሆነ? ፌስታል። ስስ ፌስታል የተሠራበት ፖሊኢትሊን ጨረሩን ያሳልፋል፣ ውድ የጨረር መለኪያዎችም አንዳንዶቹ ከዚሁ ነገር የተሠራ ስስ ክዳን ነው ያላቸው። ከሱቅ ስኳር የተገዛበትን ፌስታል ወጥሬ በላስቲክ አሰርኩት። በወር አንዴ እቀይረዋለሁ፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቁራም አንዴ ቀዶታል።

እሷም ግን የራሷ ወሰን አላት። የእኔዋ የምታየው አፉን ወደ ላይ የከፈተ ፈነል የመሰለ የሰማይ ክፍል ነው፣ ሌላውን አታውቀውም። ነሐሴ ላይ በደመናዎቹ መካከል ጥርት ያለ ቀዳዳ ቢኖር እንኳን አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ሰማዩ ሞቃት ሆኖ ይነበባል። የታኅሣሥን ወሰን ለነሐሴ ብትሰጣት ክረምቱን ሙሉ ደመና ነው ትልሃለች። ያ ነጠላ መሳዩ ሲረስ ደግሞ እጅግ ከፍ ያለና የቀዘቀዘ ስለሆነ አጠገቧ ያለፈ አይመስላትም።

የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዕቃ ሌላ ነው። ሲሎሜትር ይባላል፣ የሌዘር ምት ወደ ላይ ይልካል፣ ከደመናው ሥር ተጋጭቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ደመናው 1,500 ሜትር ላይ ካለ ደርሶ መልሱ የሰከንድ አንድ መቶ ሺኛ ነው። ለአብራሪ ከሽፋኑ ይልቅ ከፍታው ነው የሚያሳስበው። ቋንቋቸውም እንደዚያ ነው፣ አንድ ሁለት ስምንተኛ ፊው፣ ሦስት አራት ስካተርድ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ብሮክን፣ ስምንት ኦቨርካስት። ብሮክንና ከዚያ በላይ የሆነው ዝቅተኛው ንብርብር ሲሊንግ፣ ማለትም ጣሪያ ይባላል፣ ለማረፍ ወሳኙ እሱ ነው።

ግን ሌዘር ክር ነው። የሚያየው ከአናቱ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ታዲያ ሽፋኑን ከየት ያመጣል? ጠብቆ። በአሜሪካ ያሉት አውቶማቲክ ጣቢያዎች ያለፈውን 30 ደቂቃ ሰብስበው፣ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች እጥፍ ክብደት ሰጥተው ያሰላሉ። ሐሳቡ ንፋስ ሰማዩን እየጎተተ በክሩ ላይ ያሳልፈዋል የሚል ነው። በሜዳ አገር ይሠራል። ሐምሌ ላይ ጎንደር ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ግን ደመናው የሚወለደው ተራራው ላይ ነው፣ እዚያው ቆሞ ያድጋል፣ ይጠቁራል፣ አይንቀሳቀስም። አናትህ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ክሩ «ብራ» ይላል። የሰማዩ ግማሽ ግን እንደ ምጣድ ጠቁሮ ያጉረመርማል። ለዚህ ነው ሲሎሜትሩ ባለበትም ቦታ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አይጠላም የምለው።

ካሜራው፣ ሴንሰሯና ደብተሬ እንዲህ እየተጨቃጨቁ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በጥቅምት ጠዋት ጉልላቱ በጤዛ ይሸፈናል፣ ውስጡ ሙቀት የምትሰጥ ትንሽ ሬዚስተር ጨመርኩ። ክረምት ላይ የዝናብ ጠብታ ጉልላቱ ላይ ተቀምጦ ሦስት ስምንተኛ ይሆናል። ቁራው ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ጉልላቱ ላይ እየተቀመጠ እግሩን ሲያስነሳ ነበር፣ ፎቶዎቹን አልደመሰስኳቸውም።

የዘንድሮ ቡሄ ላይ አንድ ነገር ልይ ብዬ ቀኑን ጠብቄ ነበር። ጎንደር ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትመጣለች፣ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በነሐሴ። የነሐሴዋ ደግሞ ከቡሄ ጋር ነው የምትገጥመው፣ በ13 ወይም በማግሥቱ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል፣ እኛ ዘንድ ግን ዝናቡ ገና ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ከጎሃ እስከ አዘዞ ግራጫ ነው። በመካከል፣ ልክ አናቴ ላይ፣ ደመናው የሳንቲም ያህል ተከፈተና ፀሐይ ቁልቁል ወረደች። ጥላዬ እግሬ ሥር ገባ። በዚያች ቀዳዳ ዳር ሰማያዊው ይታያል። ሕጉ ሕግ ነው፣ አንዲት ቀዳዳ ካለች 7።

ካሜራው 8 አለ። ሥዕሉን ከፍቼ አየሁት። በፀሐይ ዙሪያ ያለው ብርሃን እጅግ ስለበዛ ካሜራው ሁሉንም ነጭ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ቀዩም ሰማያዊውም ሞልቶ ፈሷል፣ ሲካፈል 1 ይመጣል፣ 1 ደግሞ ደመና ነው። በዚያን ሰዓት ከሰማዩ ሁሉ ክፍት የነበረችውን አንዲት ቦታ ደመና ብሎ ቆጠራት። ሴንሰሯም ዝቅ ያለ ደመና አለ እንዳለች ነው፣ ቀዳዳዋ ከፈነሏ ጋር ስትተያይ ኢምንት ናት።

ደብተሩ ላይ 7 ብዬ ጻፍኩ። ከታች የቡሄ ልጆች በር ላይ ደርሰው ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ነው፣ እናቴም «ና ውረድ፣ ሙልሙሉን ስጣቸው» እያለች ትጣራለች። መሰላሉን ግማሽ ሳልወርድ ቀዳዳዋ ተዘጋች።